«ሰዓት» እና «ማስተካከል»፦ በመረብ የተሳሰሩ ኮምፒውተሮችን ሰዓት በሚመለከቱ የአማርኛ ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሂስ

መግቢያ

በአምቦ ከተማ፣ ስሙን መጥቀስ በማያስፈልግ አንድ መሥሪያ ቤት፣ አንድ የመዝገብ ክፍል ሠራተኛ ከሥራ ሰዓት ውጭ በምሽት ገብቶ ፋይል ከፍቷል ተብሎ ተጠርጥሮ ነበር። ለጥርጣሬው መነሻ የሆነው ኮምፒውተሩ ራሱ የያዘው መዝገብ ነው። መዝገቡ 20:30 ይላል፤ ይህም በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል መሆኑ ነው። ሠራተኛው ግን ፋይሉን የከፈተው ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ባልደረቦቹ በተቀመጡበት መሆኑን አስረዳ፤ እነርሱም መሰከሩለት። በዚያው ሰሞን ከጊንጪ ቅርንጫፍ የመጣ አንድ መልስ፣ የተጻፈበት ጊዜ ሲታይ ከጥያቄው በፊት የተጻፈ ሆኖ ተገኘ።

ይህ ጸሐፊ በዚያን ጊዜ የሙያ ቃላት ለማሰባሰብ አምቦ ስለ ነበረ ነገሩን በቅርብ ለመመልከት ዕድል አግኝቷል። ምርመራው ሲጠናቀቅ ማሽኑም ሠራተኛውም እንዳልዋሹ ታወቀ፤ ያሳሳታቸው በሁለቱ መካከል የቆመው ቋንቋ ነበር። በክፍሉ ግድግዳ ላይ የኮምፒውተር ሰዓት ሲዛባ ምን መደረግ እንዳለበት የሚያስረዳ አንድ ገጽ መመሪያ በአማርኛና በኦሮምኛ ጎን ለጎን ተለጥፏል። ያዘጋጀው ባለሙያ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው፤ በውጭ ቋንቋ የተማረውን ለባልደረቦቹ በሚገባቸው ቋንቋ ለመጻፍ መነሣቱም ሊመሰገን ይገባዋል። ሠራተኞቹም በበኩላቸው መመሪያውን በታማኝነት ፈጽመዋል። አሳሳቢውም ነገር ይኸው ነው፤ ስሕተቱ የደረሰው መመሪያው ስለ ተጣሰ አይደለም፤ ስለ ተፈጸመ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በመመሪያው ውስጥ የተሠራባቸውን ዋና ዋና ስያሜዎች አንድ በአንድ መርምሮ፣ የትኛው ለሥራው እንደሚበቃና የትኛው ሊተካ እንደሚገባ ማመልከት ነው። በ1989 ዓ.ም. የታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ለአማርኛ የሙያ ቃላት ሰፊ መሠረት ጥሏል፤ የተሳሰሩ ኮምፒውተሮች ወደ ወረዳ ቢሮ የገቡት ግን ከዚያ በኋላ ስለ ሆነ፣ በዚህ ረገድ የሚቀረው ሥራ ብዙ ነው።

1. ስለ ነገሩ ባሕርይ

ስያሜ ከመመርመሩ በፊት የሚሰየመው ነገር መታወቅ አለበት። በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ውስጥ፣ ማሽኑ ሲጠፋም በትንሽ ባትሪ ኃይል እየሠራ ጊዜ የሚቆጥር ክፍል አለ። ቆጠራው የሚመራው በሰከንድ 32,768 ጊዜ በሚርገበገብ የኳርትዝ ቅንጣት ነው። ቅንጣቱ ፍጹም አይደለም፤ ከ1,000,000 በ20 ቢሳሳት በቀን ወደ 1.7 ሰከንድ፣ በወር ደግሞ ወደ 50 ሰከንድ ያህል ይዛነፋል። ባትሪው ሲያልቅ ግን መዛነፍ ብቻ አይደለም፤ ማሽኑ ሲከፈት ዓመታት ወደ ኋላ ተመልሶ ሊገኝ ይችላል።

ለብቻው ለቆመ ማሽን ይህ ብዙ ጉዳት የለውም። ብዙ ማሽኖች በመረብ ሲተሳሰሩ ግን የትኛው ድርጊት እንደ ቀደመ የሚታወቀው በሰዓታቸው ነውና መስማማት ይኖርባቸዋል። ለዚህ ተግባር በዓለም የሚሠራበት ኔትወርክ ታይም ፕሮቶኮል የተባለው ሥርዐት ሲሆን፣ ዴቪድ ሚልስ የተባሉ አሜሪካዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1985 ይፋ ያደረጉት ነው።

አሠራሩን በደብዳቤ ምሳሌ መግለጽ ይቻላል። በአምቦ ያለ ማሽን በአዲስ አበባ ወዳለ ማሽን ጥያቄ ይልካል፤ ሲልክ በራሱ ቆጠራ 0 ሰከንድ ነው እንበል። አዲስ አበባ ያለው በራሱ ቆጠራ በ7ኛው ሰከንድ ይቀበላል፤ በ8ኛው መልሶ ይልካል። መልሱ አምቦ ሲደርስ የአምቦው ማሽን 5 ሰከንድ ይላል። ከዚህ የምንረዳው፣ በአምቦው ቆጠራ ከመላክ እስከ መቀበል 5 ሰከንድ ማለፉን፣ ከዚያም 1 ሰከንድ አዲስ አበባ ላይ መዋሉን፣ ስለዚህም ጉዞው ደርሶ መልስ 4 ሰከንድ መፍጀቱን ነው። መሄጃውና መመለሻው እኩል ከሆኑ እያንዳንዳቸው 2 ሰከንድ ናቸው፤ በመሆኑም የአምቦው ማሽን 5 ሰከንድ ወደ ኋላ ቀርቷል። ቁጥሮቹን ለምሳሌ አጎላናቸው እንጂ እውነተኛው ጉዞ አብዛኛውን ጊዜ የሰከንድ ክፍልፋይ ነው። በዚህ ሥርዐት ጠያቂው የሰጪውን ሰዓት እንዳለ አይቀዳም፤ ልኮ፣ ተቀብሎ፣ አነጻጽሮ ያሰላል እንጂ። ይህ ነጥብ ወደ ፊት ለስያሜው ምርጫ ያስፈልገናል።

2. «ሰዓት»

ከግዕዝ የወረስነው «ሰዓት» የሚለው ቃል በዛሬው አማርኛ ቢያንስ አራት ነገሮችን ይሸከማል። «ሰዓቴ ተሰበረ» ስንል መሣሪያው ነው፤ «ሁለት ሰዓት ፈጀ» ስንል የ120 ደቂቃ ርዝመት ነው፤ «በሁለት ሰዓት መጣ» ስንል የቀኑ አንድ የተወሰነ ነጥብ ነው፤ «ሰዓቱ ደረሰ» ስንል ደግሞ ጊዜ በጠቅላላው ነው። በዕለት ንግግር ይህ ችግር አይፈጥርም፤ ዐውዱ ይለየዋልና። ቴክኒካዊ መመሪያ ግን አንባቢውን ዐውድ ፈልግ ብሎ ሊልከው አይገባም።

ከመመሪያው አንድ ሐረግ ብቻ ብንወስድ፣ «የሁለት ሰዓት ልዩነት ሲታይ» ይላል። ይህ ሐረግ የ120 ደቂቃ ልዩነት ማለት ሊሆን ይችላል፤ በሁለት መሣሪያዎች መካከል የታየ ልዩነትም ሊሆን ይችላል። ጸሐፊው ያሰበው ሁለተኛውን ነበር። ከጠየቅናቸው ሠራተኞች አብዛኞቹ የተረዱት ግን የመጀመሪያውን ነው፤ ስለዚህ ልዩነቱ 120 ደቂቃ ካልሞላ ምንም ማድረግ እንደሌለባቸው አምነው ቆይተዋል።

የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ቀኑን በ60 ኬክሮስ፣ ኬክሮሱን በ60 ካልዒት፣ ካልዒቱን በ60 ሣልሲት ሲከፋፍሉ ለእያንዳንዱ መጠን የተለየ ስም ሰጥተዋል። ስለዚህ በጊዜ ነገር ጥንቁቅ የመሆን ልማድ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ኦሮምኛም «ዬሮ» ብሎ ጊዜን በጠቅላላው፣ «ሰዓቲ» ብሎ መሣሪያውንና መስፈሪያውን ይለያል። አማርኛም «ጊዜ» የሚል ቃል ስላለው በዚህ መጠን ለመለየት አዲስ ቃል መፍጠር አያስፈልገውም፤ ያለውን በየቦታው ማስቀመጥ ይበቃዋል።

3. «ማስተካከል»

ከሁሉ ይልቅ ጉዳት ያደረሰው ይህ ግሥ ነው። መመሪያው «ሰዓቱን አስተካክሉ» የሚለውን ትእዛዝ በሦስት የተለያዩ ትርጉሞች ይሠራበታል። በመጀመሪያው አንቀጽ በእጅ መሙላት ማለቱ ነው፤ በሁለተኛው የተበላሸውን መጠገን፤ በሦስተኛው ደግሞ ማሽኑ ከዋናው ማሽን ጋር በራሱ እንዲስማማ ማድረግ። ባለሙያው ሦስቱንም በልቡ ለይቶ ያውቃቸዋል፤ አንባቢው ግን ያየው አንድ ቃል ነው። ስለዚህ ማንኛውም ሰው «ሰዓትህን አስተካክል» ሲባል የሚያደርገውን አደረገ፤ የግድግዳውን ሰዓት አይቶ የኮምፒውተሩን ሞላ።

የደረሰውም ቀጥሎ ያለው ነው። አንዱ ሠራተኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ማሽኑን 2:30 ብሎ ሞላና ከጎኑ «ጥዋት» የሚለውን መረጠ። ሌላው ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ላይ 8:30 ሞላና «ከሰዓት» የሚለውን መረጠ። ሁለቱም በአማርኛ ትክክል ናቸው። ማሽኑ ግን ከእኩለ ሌሊት የሚነሣውን የፈረንጆች አቆጣጠር ስለሚከተል፣ የመጀመሪያውን 02:30፣ ሁለተኛውን 20:30 ብሎ ያዘው። እውነተኛው ጊዜ በመጀመሪያው 08:30፣ በሁለተኛው 14:30 ነበር። እንግዲህ ጠዋት የተሞላው ማሽን 6 ሰዓት ወደ ኋላ ቀረ፤ ከቀትር በኋላ የተሞላው 6 ሰዓት ቀደመ፤ በሁለቱ መካከል 12 ሰዓት ሙሉ ገባ። ከዚህ የሚያስደንቀው ግን በመስኮታቸው ላይ የሚታየው አኀዝ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ላይ አንዱ «8:30 ጥዋት»፣ ሌላው «8:30 ከሰዓት» ይላል፤ የግድግዳውም ሰዓት 8:30 ያሳያል። ትንሿን ቃል ያስተዋለ አልነበረም። ሠራተኛውን በምሽት ገባህ ያሰኘው፣ የጊንጪውንም መልስ ከጥያቄው ያስቀደመው ይኸው ነው።

ለሦስተኛው ትርጉም ምን ስያሜ ይሰጠው? የቀረቡትን እንመልከት። «ማመሳሰል» በስልኮችና በኮምፒውተሮች መስኮት ላይ ሲሠራበት ይታያል። ይህ ቃል የሚገልጸው የውጤቱን መልክ ነው፤ ከላይ እንደ ታየው ግን ሁለቱ የአምቦ ማሽኖች በመልክ ተመሳስለው ነበር፤ ችግሩም ከዚያ መጣ። ከዚህም በላይ «ማመሳሰል» የማስመሰል ጥላ ያጠላበታል። «ማጣጣም» ለሐሳብና ለጥቅም እንጂ ለቆጠራ አይስማማም። «ማቀናጀት» ሥራን ለማከፋፈል የተለመደ ነው፤ መለካትን አያመለክትም።

ይህ ጸሐፊ የሚደግፈው «ማናበብ» የሚለውን ነው። «አነበበ» ከሚለው የወጣ አደራራጊ ግሥ ነው፤ አንዱ የሌላውን እንዲያነብብና እንዲመላለሱ ማድረግን ይገልጻል። በ1ኛው ክፍል ያየነው አሠራርም ቃል በቃል ይኸው ነው፤ አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ያነብባል፣ ይመልሳል፣ ጠያቂው አነጻጽሮ ያሰላል። የመመሪያው የኦሮምኛ ክፍል በዚህ ረገድ ከአማርኛው የተሻለ ነው፤ ለጥገናው «ሲሬሱ»፣ ለዚህኛው «ወልሲምሲሱ» ይላልና፤ «ወል» የምትለዋ ክፍል ነገሩ የእርስ በርስ መሆኑን ወዲያው ታሳያለች።

በ«ማናበብ» ላይ ሁለት ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። አንደኛው፣ «ተናቦ መሥራት» የሚለው አነጋገር በየስብሰባው ስለ ተደጋገመ ቃሉ ላልቷል የሚል ነው። እውነት ነው፤ ነገር ግን የላላን ቃል የሚያጠብቀው ጥብቅ ብያኔ ነው። ሁለተኛው፣ «አናባቢ» በሰዋስው የታወቀ ስያሜ ስለሆነ ይጋጫል የሚል ነው። አንድ ቃል በሁለት ሙያ ሁለት ትርጉም ቢይዝ ግን ሙያዎቹ እስካልተገናኙ ድረስ ጉዳት የለውም፤ የሰዋስው «ግሥ»ና የመዝገብ ሊቃውንት «ግስ» ጎን ለጎን ኖረዋል። ለጥንቃቄ ያህል ግን ጊዜ የሚሰጠውን ማሽን «አናባቢ» ማለቱን ትተን «ጊዜ ሰጪ» ብንለው ይበጃል።

ለእጅ ሥራው ደግሞ አዲስ ቃል መፈለግ አያሻንም። በሬዲዮ ድምፅ የእጅ ሰዓታችንን ስንሞላ ያደግን ሰዎች «ሰዓት መሙላት» ምን እንደሆነ እናውቃለን። «ማስተካከል» የሚለው ለጠቅላላ ንግግር ይቆይ፤ በመመሪያ ውስጥ ግን ብቻውን ባይቆም ይመረጣል።

4. «ልዩነት»

መመሪያው «ልዩነት» ሲል ደግሞ ሁለት ፈጽሞ የማይገናኙ ነገሮችን ቀላቅሏል። አንደኛው የአቆጣጠር ልዩነት ነው። እኛ ቀኑን ከንጋት፣ ሌላው ከእኩለ ሌሊት ስለሚጀምር የ6 ሰዓት ልዩነት አለ። ይህ ስሕተት አይደለም፤ የአሰያየም ጉዳይ ነው፤ ያው ቅጽበት ሁለት ስም አለው ማለት ነው። ሁለተኛው የማሽን መዛነፍ ነው፤ ይህ ስሕተት ነው፤ መታረምም አለበት። ሁለቱ በአንድ ስም ሲጠሩ፣ ሠራተኛው ስሕተት ያልሆነውን ሊያርም ተነሣ፤ ሲያርምም እውነተኛ ስሕተት ፈጠረ።

ውጤቱ ቀላል አይደለም። ብዙ የመግቢያ ፈቃድ ሥርዐቶች በተለመደው አወቃቀራቸው ከ5 ደቂቃ በላይ የተዛነፈን ማሽን አያስገቡም፤ ሠራተኛው የይለፍ ቃሉ ትክክል ሆኖ ሳለ ተከልክሎ ይቀራል። የታወቀው የማናበቢያ ፕሮግራም ደግሞ መዛነፉ ከ1,000 ሰከንድ ሲያልፍ፣ በግልጽ ካልታዘዘ በስተቀር፣ ነገሩ ከእርማት በላይ ነው ብሎ ሥራውን ያቆማል። 6 ሰዓት 21,600 ሰከንድ ነው። እንግዲህ በእጅ የተሞላው የእኛ አቆጣጠር ማሽኑን ከማሳሳት አልፎ፣ ሊያርመው የሚችለውንም ፕሮግራም ሊያስቆም ይችላል። ለሁለተኛው ፅንሰ ሐሳብ «ዝንፈት» የሚለውን እናቀርባለን፤ «ልዩነት» ለአቆጣጠር ብቻ ይቅር።

ዝንፈትም ራሱ ሁለት ገጽ አለው። አንዱ አሁን ያለው መጠን ነው፤ ሌላው እየጨመረ የሚሄድበት ጠባይ ነው። መመሪያው ይህን አልለየም፤ የአማርኛ ግሥ ግን ከጥንት ጀምሮ ይለየዋል። «ሰዓቴ ቀድሟል» የሚል ሰው ያለውን ሁኔታ ይናገራል፤ መፍትሔው አንድ ጊዜ መሙላት ነው። «ሰዓቴ ይቀድማል» የሚል ሰው የመሣሪያውን ጠባይ ይናገራል፤ ቢሞላውም ነገ ይመለስበታል። ብልሽት ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የበለጠ ጠቃሚ ጥያቄ የለም። ማሽኑ ቀድሟል ወይስ ይቀድማል? ከቀደመ፣ የሞላው ሰው ይጠየቅ፤ የሚቀድም ከሆነ፣ ቅንጣቱ ይመርመር፤ በጠፋ ቁጥር ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ ደግሞ ባትሪው ይለወጥ።

5. «ደረጃ»

በማናበብ ሥርዐት ጊዜ ከምንጩ እየወረደ ይከፋፈላል። ከላይ የአቶም ሰዓት ወይም የሳተላይት ምልክት አለ፤ ይህ በ0 ይቆጠራል። ከእርሱ በቀጥታ የሚቀበለው 1፣ ከዚያ የሚቀበለው 2 እየተባለ እስከ 15 ይወርዳል፤ 16 የተባለው ያልተናበበ ማለት ነው። መመሪያው ይህን «ደረጃ» ይለዋል። በአማርኛ ግን «አንደኛ ደረጃ» ማለት ምርጥ ማለት ነው፤ አንባቢውም «አራተኛ ደረጃ» የሆነውን ማሽን ብልሹ አድርጎ ይገምተዋል። ቁጥሩ የሚለካው ግን ከምንጩ ያለውን ርቀት እንጂ ጥራትን አይደለም። በምዕራብ ሸዋ ገበሬ አፍ የሚኖረው «እርከን» ለዚህ የተሻለ ነው፤ የታችኛው እርከን ከላይኛው ውኃ ይቀበላል እንጂ በመሬቱ አያንስምና።

6. ስለ «ጥዋት» እና «ከሰዓት»

የጥፋቱን ሁሉ ሸክም በመመሪያው ላይ ብቻ መጣል ፍትሐዊ አይሆንም። በኮምፒውተር መስኮት ላይ የሚታዩት ሁለቱ ቃላት የባለሙያው ምርጫ አይደሉም፤ የዩኒኮድ ድርጅት ለዓለም ቋንቋዎች በሚያሰናዳው የአካባቢ መረጃ ክምችት ውስጥ ለአማርኛ የተመዘገቡ ናቸው። ከእኩለ ሌሊት እስከ እኩለ ቀን ላለው 12 ሰዓት «ጥዋት»፣ ከእኩለ ቀን እስከ እኩለ ሌሊት ላለው «ከሰዓት» ተሰጥቷል።

ይህ አቻ ቃልን እንጂ አቻ ፅንሰ ሐሳብን አልፈለገም። አማርኛ ዕለቱን ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ምሽት፣ ሌሊት ብሎ ይከፍላል፤ ለሁለት እኩል አይገምሰውም። በዚህ ምክንያት እኩለ ሌሊት ካለፈ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ማሽኑ «12:30 ጥዋት» ይላል፤ እኛ ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ነን። የአማርኛ ቃል ከፈረንጅ ቁጥር ጋር ሲጋባ፣ አንባቢው ቃሉን አምኖ ቁጥሩንም የራሱ ያደርገዋል። ሙሉ በሙሉ የውጭ ቢሆን ይጠነቀቅ ነበር፤ ሙሉ በሙሉ የእኛ ቢሆንም ባልተሳሳተ ነበር። ያው ክምችት የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ከ13 ወሩ ጋር ያውቃል፤ ቀኑን ያወቀልን መሣሪያ ሰዓቱን የማያውቅበት ምክንያት ቴክኒካዊ አይደለም። ይህ እስኪታረም ድረስ በማንኛውም የሥራ ማሽን ላይ የ24 ሰዓት ማሳያን መጠቀም ይሻላል፤ 14:30 የሚል ቁጥር ለማንም 8 ሰዓት ተኩል መስሎ አይታይም።

7. የሚቀርቡ ስያሜዎች

ከላይ ከተደረገው ምርመራ የሚከተሉት ስያሜዎች ከነብያኔያቸው ቀርበዋል።

ሀ. ጊዜ፦ በማናቸውም አቆጣጠር የሚሰየመው ቅጽበት ወይም ፍሰት በጠቅላላው።
ለ. ሰዓት፦ የ60 ደቂቃ መስፈሪያ፤ እንዲሁም በአንድ አቆጣጠር የቀኑ ነጥብ ስም።
ሐ. ሰዓት ቆጣሪ፦ በማሽኑ ውስጥ ጊዜን የሚቆጥረው ክፍል።
መ. የጊዜ ማኅተም፦ ማሽን በአንድ ድርጊት ላይ የሚያሳርፈው የጊዜ ምልክት።
ሠ. መሙላት፦ ሰዓት ቆጣሪን በሰው እጅ ወደ አንድ ጊዜ ማምጣት።
ረ. ማናበብ፦ ሰዓት ቆጣሪዎችን መልእክት በማመላለስና በማነጻጸር ማስማማት።
ሰ. ጊዜ ሰጪ፦ ሌሎች የሚናበቡበት ማሽን።
ሸ. ዝንፈት፦ አንድ ሰዓት ቆጣሪ ከጊዜ ሰጪው የራቀበት መጠን፤ የሚጨምርበት መጠን የዝንፈት ፍጥነት ይባላል።
ቀ. የደርሶ መልስ ጊዜ፦ ጥያቄና መልስ በመንገድ ላይ የፈጁት ጊዜ።
በ. እርከን፦ አንድ ማሽን ከጊዜ ምንጭ ያለው ርቀት በቁጥር።

ስያሜ በሥራ ላይ ካልተፈተነ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ከባለሙያው ጋር ሆነን መመሪያውን በእነዚሁ ቃላት እንደገና ጻፍነው፤ አጭሩ መልክ የሚከተለው ነው፦ «አስቀድሞ ማሳያውን በ24 ሰዓት አድርጉ። የሰዓት ሰቁ የምሥራቅ አፍሪካ መሆኑን ተመልከቱ። ከዚያ ቀኑንና ዓመቱን አረጋግጡ። ዝንፈቱ ከ5 ደቂቃ በላይ ከሆነ፣ በግድግዳው ሰዓት ሳይሆን በጊዜ ሰጪው ሙሉት። በመጨረሻም አናብቡት። በማግሥቱ ዝንፈቱ ተመልሶ ከተገኘ ለባለሙያው አስታውቁ።» ከአሮጌው ጋር ሲነጻጸር በግማሽ ያጠረ ነው፤ ያነበቡት ሠራተኞችም ያለ አስረጂ ፈጽመውታል።

ማጠቃለያ

የተጠረጠረው ሠራተኛ ነጻ ወጥቷል። ነጻ ያወጣው ግን የምስክሮቹ ቃል አልነበረም፤ በእርሱና በጎረቤቱ ማሽን መካከል የተገኘው የ12 ሰዓት ርቀት ነው። የጎረቤቱ ማሽን ጠዋት ባይሞላ ኖሮ ያ ማስረጃ አይገኝም ነበር።

የሙያ ቃል ጉዳይ ብዙ ጊዜ የቋንቋ ወዳዶች ጭቅጭቅ ተደርጎ ይታያል። ነገር ግን መሣሪያ ምስክር በሆነበት ዘመን፣ ምስክሩ የሚናገርበት ቋንቋ የሰውን ስምና እንጀራ ይነካል። ከላይ የቀረቡት ስያሜዎች የመጨረሻ ቃል አይደሉም፤ የተሻለ ያላቸው አንባብያን፣ በተለይም በየከተማው በዚህ ሥራ ላይ የተሰማሩ ባለሙያዎች፣ በየቢሮአቸው የሚሠሩበትን ቃል ከነአገባቡ ጽፈው ቢልኩ ለሚቀጥለው ጥናት ትልቅ እገዛ ይሆናል።